ኢዝ ነው አር? ቴሲስ ስትጽፉ ሰብጀክትና ቨርብ እንዲስማሙላችሁ

የዘመድ ልጅ፣ የጓደኛ ጓደኛ፣ የሰፈር ልጅ ቴሲሱን፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሁፉን፣ እያመጣ «እስቲ እንግሊዝኛውን እይልኝ» ሲለኝ አመታት ሆነ፣ እና ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የማሰምርበት ነገር ስፔሊንግ አይደለም፣ ሰብጀክትና ቨርብ፣ ማለትም ባለቤቱና ግሱ፣ በቁጥር አለመስማማታቸው ነው። «ዘ ኳሊቲ ኦፍ ዘ ሲድስ አር ሎው» ትላለች አንዷ፣ «ዋን ኦፍ ዘ ሜጀር ፕሮብለም ኢዝ» ይላል ሌላው፣ «ዜር ኢዝ ሜኒ ፋክተርስ» ደግሞ የሌለበት ቴሲስ አላየሁም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም እኮ። ወር ሙሉ ገጠር ወርደው ዳታ ሰብስበው፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር ላይ ሌሊት አድረው ያመጡት ስራ ነው፣ ግን ኤግዛሚነሩ ገና አብስትራክቱ ላይ ሶስት አራት ቦታ ካሰመረ ቀሪውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው፣ ይሄ ነው በጣም የሚቆጨኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ከገባችሁ በሁለት ቀን የሚስተካከል ነው።

ለምን እንደምንሳሳት ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። በአማርኛ «የዘሮቹ ጥራት ዝቅተኛ ነው» እንላለን አይደል፣ እዚ ላይ «የ» ያለበት ቃል ፊት ይመጣና ዋናው ስም፣ ማለትም ጥራት፣ መጨረሻ ላይ ግሱ አጠገብ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ ይሄንን ይገለብጠዋል፣ ኳሊቲን መጀመሪያ ያስቀምጥና ሲድስን ቨርቡ አጠገብ ያመጣታል። ጆሯችን ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ከግሱ በፊት ያለውን የቅርቡን ስም መስማት ስለለመደ «ሲድስ» ሲሰማ እጃችን «አር» ብሎ ይጽፋል። ማለት የተሳሳትነው ግራመር ስለማናውቅ ሳይሆን የአማርኛውን ቦታ ይዘን እንግሊዝኛው ላይ ስለምንፈልግ ነው። እና መፍትሄውም ከዛው ከአማርኛ ይወጣል።

ዘዴው እንዲ ነው። ከቨርቡ በፊት ያለውን የእንግሊዝኛ ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ አውጡና ወደ አማርኛ መልሱት፣ ከዛ የአማርኛውን የመጨረሻ ቃል ያዙ፣ ቨርቡ የሚስማማው ከሱ ጋር ነው። ለምሳሌ «ዘ ሜይን ሶርስ ኦፍ ኢንካም ፎር ፋርመርስ ኢን ዘ ስተዲ ኤሪያስ» የሚል ረጅም ነገር አላችሁ እንበል፣ ገበሬዎችም አሉ አካባቢዎችም አሉ፣ ብዙ ቁጥር ሞልቶታል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «በጥናቱ አካባቢዎች ያሉ ገበሬዎች ዋና የገቢ ምንጭ» ይሆናል። የመጨረሻው ቃል ምንጭ ነው፣ ምንጭ አንድ ነው፣ ስለዚ «ኢዝ»። በቃ። ሌላ እንይ፣ «ዘ ቲቸርስ ሁ ወርክ ኢን ዚስ ስኩል»፣ አማርኛው «እዚ ትምህርት ቤት የሚሰሩት አስተማሪዎች»፣ መጨረሻው አስተማሪዎች፣ ስለዚ «አር»፣ ስኩል ቨርቡ አጠገብ መቀመጡ ምንም አይለውጥም።

በአይኤንጂ የሚያልቅ ቃል ሲመጣ ብዙ ሰው ይደናገራል፣ «ዩዚንግ ኬሚካል ፈርቲላይዘርስ ኢንክሪስ ይልድ» ብሎ የሚጽፈው ፈርቲላይዘርስ የሚለውን አይቶ ነው። አማርኛው ግን «የፋብሪካ ማዳበሪያዎችን መጠቀም ምርት ይጨምራል» ነው፣ የሚጨምረው መጠቀሙ ነው፣ መጠቀም ደግሞ አንድ ድርጊት ነው፣ ስለዚ «ኢንክሪስስ» ብላችሁ ኤሷን መጨመር አለባችሁ።

በጣም የምወደው ደግሞ የ«ዋን ኦፍ» ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም አማርኛው ሶስት ነገር ባንድ ጊዜ ይፈታላችኋል። «ምርትን ከሚቀንሱት ምክንያቶች አንዱ የዘር ጥራት ነው» በሉ። መጨረሻ ላይ ያለው «አንዱ» ነው፣ ስለዚ ዋናው ቨርብ «ኢዝ»። «ምክንያቶች» ብላችኋል፣ ከብዙ ውስጥ ነው አንዱ የሚወጣው፣ ስለዚ እንግሊዝኛው ላይ «ፋክተርስ» ኤስ አላት፣ «ዋን ኦፍ ዘ ፋክተር» አይባልም። ሶስተኛው ብዙዎች የማያዩት ነው፣ «ከሚቀንሱት» ነው ያላችሁት እንጂ «ከሚቀንሰው» አላላችሁም፣ የሚቀንሱት ምክንያቶቹ ናቸው፣ ስለዚ ከ«ዛት» ቀጥሎ የሚመጣው ቨርብ ኤስ የለውም፣ «ዋን ኦፍ ዘ ፋክተርስ ዛት ሪዲውስ ይልድ ኢዝ ሲድ ኳሊቲ» ይሆናል፣ «ሪዲውስ» እንጂ «ሪዲውስስ» አይደለም። ይቺን ቁጭ ብላችሁ ሁለት ሶስቴ ድገሟት፣ ቻፕተር ዋን ላይ ስቴትመንት ኦፍ ዘ ፕሮብለም ስትጽፉ በየገጹ ታጋጥማችኋለች።

«ዘ ነምበር ኦፍ» እና «ኤ ነምበር ኦፍ» ደግሞ ለአይን አንድ ይመስላሉ፣ ወደ አማርኛ ስትመልሷቸው ግን ሌላ ሌላ ናቸው። የመጀመሪያው «የተማሪዎቹ ቁጥር» ነው፣ ቁጥሩ ጨመረ ወይም ቀነሰ እንላለን፣ «ሃዝ ኢንክሪስድ»። ሁለተኛው «በርካታ ተማሪዎች» ነው፣ መጨረሻው ተማሪዎች፣ «ሃቭ»። ይሄን በአማርኛ የሚሳሳት ሰው የለም።

«ከ እንትን ጋር» የሚለውም እንደዛው። «ዳይሬክተሩ ከአስተማሪዎቹ ጋር መጣ» ነው የምንለው እንጂ መጡ አንልም፣ አክብረነው ካልሆነ። እንግሊዝኛም «አሎንግ ዊዝ»፣ «ቱጌዘር ዊዝ»፣ «አዝ ዌል አዝ» ሲመጣ ከነሱ በፊት ያለውን ስም ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ «ዘ ዳይሬክተር፣ አሎንግ ዊዝ ዘ ቲቸርስ፣ ወዝ ኢንተርቪውድ»። «ኤንድ» ከሆነ ግን ሁለቱም ይቆጠራሉና «ወር» ነው።

ዘዴው የማይሰራበት ቦታም አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ አሳሳትኳችሁ ማለት ነው። ዋነኛው የነጠላና የብዙ ቁጥር ጉዳይ ነው። አማርኛ ስለ ቁጥር ብዙ አይጨነቅም፣ «አስር ሰው መጣ» እንላለን፣ «ሁለት በግ ገዛሁ» እንላለን፣ «ብዙ ችግር አለ» እንላለን፣ አስር የሚለው ቃል ከተነገረ ብዛቱ ታውቋል፣ ሰዎች ማለት ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩ ተነግሮም ስሙ ላይ ኤስ ይፈልጋል፣ ቨርቡም ይከተላል። «ሰቨራል ስተዲ ሾውስ» የሚለው ስህተት የሚመጣው «ብዙ ጥናት ያሳያል» ብለን ስላሰብን ነው፣ «ሰቨራል ስተዲስ ሾው» መሆን ነበረበት። «ዜር ኢዝ ሜኒ ፕሮብለምስ»ም ያው «ብዙ ችግር አለ» ነው። ስለዚ ወደ አማርኛ ስትመልሱ እንደ አፋችሁ አትመልሱት፣ «ብዙ ችግሮች አሉ» ብላችሁ «ኦች»ዋን እያስገባችሁ መልሱ። «ዜር» ባለበት አረፍተ ነገር ሰብጀክቱ ከቨርቡ በኋላ ነው ያለው፣ ስለዚ አይናችሁን ወደ ቀኝ አሻግራችሁ እዩና «ኢዝ» ወይ «አር» በሉ።

የቁጥሩ ጣጣ በሌላ በኩልም ይመጣል። አማርኛ ላይ መረጃዎች፣ እቃዎች፣ ምክሮች፣ ማስረጃዎች እንላለን፣ እና «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «ኢኩዊፕመንትስ»፣ «አድቫይስስ»፣ «ኤቪደንስስ» ብለን እንጽፋለን። እነዚ እንግሊዝኛ ውስጥ እንደ ውሃና እንደ ጤፍ ናቸው፣ አይቆጠሩም፣ ኤስ አይወስዱም፣ ቨርባቸውም ሁልጊዜ የነጠላ ነው፣ «ዘ ኢንፎርሜሽን ወዝ»፣ «ዘ ኢኩዊፕመንት ኢዝ»። አካዳሚክ ጽሁፍ ላይ ከሁሉም የሚያስቸግረው «ሪሰርች» ነው፣ «ሜኒ ሪሰርችስ ሃቭ ቢን ዳን» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳረምኩት። ብዙ ጥናት ለማለት ከፈለጋችሁ «ሪሰርች»ን ተዉትና «ስተዲስ» በሉ፣ ስተዲ ይቆጠራል። «ሊትሬቸር»ም ሪቪው ስትጽፉ ነጠላ ነው፣ «ዘ ሊትሬቸር ሾውስ»። እነዚን በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም፣ ግን ቴሲስ ላይ የሚደጋገሙት አስር አስራ አምስት ቢሆኑ ነው።

ቨርቡ ላይ ስለምትጨመረው ኤስ ብዙ አልልም። ስሙ ላይ ኤስ ካለ ብዙ ጊዜ ቨርቡ ላይ የለም፣ ስሙ ላይ ከሌለ ቨርቡ ላይ አለ፣ «ዘ ስቱደንት ራይትስ»፣ «ዘ ስቱደንትስ ራይት»። «ካን»፣ «ሜይ»፣ «ሹድ» ካለ ኤስ የሚባል ነገር አይታሰብም። «ዳዝ ኖት ሾውስ» የሚጽፉ አሉ፣ ኤሷን «ዳዝ» ወስዷታል፣ ሁለቴ አትከፈልም። ፓስት ቴንስ ላይ ደግሞ ይሄ ሁሉ ይጠፋና «ወዝ» እና «ወር» ብቻ ይቀራሉ፣ ቻፕተር ስሪና ፎር አብዛኛው በፓስት ስለሚጻፍ እዛ ላይ ትኩረታችሁን ሁለቱ ላይ አድርጉ።

ቻፕተር ስሪ ካነሳን አይቀር፣ «ዳታ ወዝ ኮሌክትድ» ነው «ዳታ ወር ኮሌክትድ» የሚለው ጥያቄ በጣም ይመጣል። ዳታ ከላቲን የመጣ ብዙ ቁጥር ነው፣ ነጠላው «ዳተም» ነው። በተራ ንግግር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ላይም፣ ብዙ ሰው እንደ ነጠላ ነው የሚጠቀመው፣ ስህተት ነው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ዲፓርትመንታችሁ ኤፒኤ ስታይል፣ ማለትም የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማህበርን የአጻጻፍ ደንብ፣ ከጠየቀ፣ አሁን የሚሰራበት በ2019 የወጣው 7ኛው እትም ነው፣ ኤፒኤ ዳታን እንደ ብዙ ነው የሚወስደው፣ ስለዚ «ዳታ ወር»፣ «ዚዝ ዳታ ሾው»። ዋናው ነገር አንዱን ከመረጣችሁ እስከ መጨረሻው መያዝ ነው፣ ገጽ 30 ላይ «ወዝ» ገጽ 34 ላይ «ወር» ያለ ሰው ግን አላወቀም ነው የሚባለው። የዳታ ዘመዶችም አሉ፣ «ክራይቴሪያ» ብዙ ነው ነጠላው «ክራይቴሪየን»፣ «ፊኖሚና» ብዙ ነው ነጠላው «ፊኖሚነን»። «ሃይፖቴሲስ» እና «አናሊሲስ» ነጠላ ናቸው፣ መጨረሻቸው «ሲስ» መሆኑ አያሳስታችሁ፣ ብዙ ሲሆኑ «ሲስ» የሚለው «ሲዝ» ይሆናል። «ዘ ሃይፖቴሲስ ወር ቴስትድ» ካላችሁ ወይ ስሙን ወይ ቨርቡን አስተካክሉ፣ ስንት ሃይፖቴሲስ እንደነበራችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቻፕተር ፎር ላይ ፐርሰንት አለ፣ እዚ ላይ የአማርኛው ዘዴ አይረዳችሁም፣ ምክንያቱም «ከመላሾቹ 65 ፐርሰንቱ» ስትሉ መጨረሻው ፐርሰንቱ ይሆንና ነጠላ ይመስላችኋል። ለፐርሰንት፣ ለ«ሃፍ»፣ ለ«ሞስት»፣ ለ«ሰም»፣ ለ«ማጆሪቲ» ደንቡ ሌላ ነው፣ ከ«ኦፍ» በኋላ ያለውን ስም እዩ። «65 ፐርሰንት ኦፍ ዘ ሪስፖንደንትስ ወር ሜል»፣ ሰዎች ስለሆኑ። «65 ፐርሰንት ኦፍ ዘ ላንድ ወዝ ኢሪጌትድ»፣ መሬት ስለማይቆጠር። 120 ሰው ጠይቃችሁ 78ቱ ወንድ ከሆኑ «ኦፍ ዘ 120 ሪስፖንደንትስ፣ 78 ወር ሜል» ነው፣ ቴብሉ ላይ አንድ ሰው ብቻ የመለሰው ረድፍ ስትደርሱ ግን «ኦንሊ ዋን ወዝ» በሉ፣ ኮፒ ፔስት እያደረጋችሁ ስትጽፉ የምትረሱት እዛ ነው። «ፐርሰንቴጅ» ከሆነ ደግሞ እንደ «ዘ ነምበር» ነው፣ «ዘ ፐርሰንቴጅ ኦፍ ሜል ሪስፖንደንትስ ወዝ 65»። ገንዘብ፣ ኪሎሜትርና ኪሎ እንደ አንድ መጠን ሲታዩ ነጠላ ናቸው፣ «ፋይቭ ታውዘንድ ብር ወዝ ፔይድ»፣ ብሮቹን አንድ በአንድ አልቆጠርናቸውማ።

ሳይቴሽን ላይም ስምምነት አለ፣ ብዙ ሰው አያስበውም። የጠቀሳችሁት ሰው አንድ ከሆነ «አርጊውስ»፣ ሁለት ከሆኑ «አርጊው»፣ «ኤት አል» ካለበትም «አርጊው» ነው፣ ምክንያቱም ኤት አል በላቲን «እና ሌሎችም» ማለት ነው፣ ስሙ አንድ ብቻ ስለሚታይ እንደ ነጠላ ሰው አትቁጠሩት። ቴብልም እንደዛው፣ «ቴብል 4 ሾውስ»፣ ሁለት ሲሆኑ «ቴብልስ 4 ኤንድ 5 ሾው»።

«ኢች» እና «ኤቭሪ» ቀላል ናቸው፣ እያንዳንዱ ተማሪ መጣ እንደምንለው ሁልጊዜ ነጠላ ናቸው፣ «ኤቭሪ ስቱደንት ሃዝ»። ከነሱ በኋላ የሚመጣው ፕሮናውን ግን ያከራክራል። ድሮ «ሂዝ» ይባል ነበር፣ ከዛ «ሂዝ ኦር ኸር» መጣ፣ አሁን ኤፒኤ «ዜር» የሚለውን፣ ማለትም «የነሱ» የሚለውን ለአንድ ሰውም ይቀበላል፣ ቨርቡም የብዙ ነው፣ አንድ ሰው ሆኖ «ዜይ አር»። አንዳንዱ ይሄ ግራ ያጋባዋል፣ ለኛ ግን አዲስ ነገር አይደለም እኮ፣ «ፕሮፌሰሩ መጡ» ስንል ሰውየው አንድ ነው ግሱ ግን የብዙ ነው፣ «እሳቸው» ስንልም እንደዛው። እኛ ለአክብሮት ነው እነሱ ጾታ ላለመለየት ነው፣ አሰራሩ ግን አንድ አይነት ነው። አድቫይዘራችሁ ካልወደደው ሰብጀክቱን ብዙ አድርጉትና «ኦል ስቱደንትስ» ብላችሁ ክርክሩን ዝለሉት። በነገራችን ላይ ሀገርን በአማርኛ አንስታይ ስለምናደርግ «ኢትዮጵያ ፖሊሲዋን» እንላለን፣ አካዳሚክ እንግሊዝኛ ላይ ግን «ኸር» ሳይሆን «ኢትስ» ነው የሚባለው።

«ኦር» እና «ናይዘር ኖር» ላይ ደግሞ ጆሯችን የለመደው ነገር አንዴ ይጠቅመናል፣ እዚ ቦታ በእውነት ቨርቡ የሚስማማው ከቅርቡ ስም ጋር ነው። «ናይዘር ዘ ዳይሬክተር ኖር ዘ ቲቸርስ ወር»፣ ሲገለበጥ «ናይዘር ዘ ቲቸርስ ኖር ዘ ዳይሬክተር ወዝ»። ሁለተኛው ትክክል ሆኖ ለጆሮ ስለማይጥም ብዙ ቁጥር ያለውን ስም መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ኮሚቴ፣ ቲም፣ ገቨርንመንት፣ ፋሚሊ የመሳሰሉትን አሜሪካኖች እንደ ነጠላ ነው የሚይዟቸው፣ እንግሊዞች ሁለቱንም ይላሉ። ነጠላ አድርጋችሁ ብትቀጥሉ ይሻላል፣ የሚነቅፋችሁ የለም። «ፖሊስ» እና «ፒፕል» ግን ሁለቱም ጋር ብዙ ናቸው፣ «ዘ ፖሊስ አር»። «ዩናይትድ ስቴትስ» እና «ዩናይትድ ኔሽንስ» መጨረሻቸው ኤስ ቢሆንም አንድ ሀገርና አንድ ድርጅት ናቸው፣ «ኢዝ»። «ኢኮኖሚክስ»ም እንደ ትምህርት አንድ ነው።

አሁን ስራው ላይ እንዴት እንደምትጠቀሙበት። እየጻፋችሁ አታስተካክሉ፣ ሀሳቡ ይሸሻችኋል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንድ ሁለት ቀን ተዉትና ለዚ ጉዳይ ብቻ ብላችሁ ተመለሱ። ወርድ ላይ ኮንትሮል ኤፍ ተጭናችሁ መጀመሪያ «ዋን ኦፍ» ፈልጉ፣ አንድ በአንድ እዩ፣ ከዛ «ዜር ኢዝ»፣ ከዛ «ነምበር ኦፍ»፣ ከዛ «ኢች»፣ ከዛ «ሪሰርችስ» እና «ኢንፎርሜሽንስ»፣ ከዛ «ዳታ»። ይሄ ብቻ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ወርድም ሆነ ግራመርሊ የሚያሰምሩላችሁን እዩ ግን አትመኑት፣ ሰብጀክቱና ቨርቡ መሀል ሁለት መስመር ሲገባ አንዳንዴ ዝም ብለው ያልፉታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ትክክል የሆነውን አስተካክሉ ይሏችኋል፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባችሁ አክሴፕት አትጫኑ።

ከዛ ፕሪንት አድርጉና በእርሳስ የእያንዳንዱን አረፍተ ነገር ሰብጀክት አንዷን ቃል ብቻ አክብቡ፣ ቨርቡን አስምሩ፣ ሁለቱን ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ «ሶርስ ኢዝ»፣ «ፋርመርስ ዩዝ»፣ «ሪዘልትስ ሾው»። መቶ ገጽ በዚ ማንበብ ይደክማል፣ ስለዚ በአብስትራክቱ ጀምሩ፣ ቀጥሎ ኮንክሉዥኑን፣ ቀጥሎ ቻፕተር ፎርን፣ ኤግዛሚነሮች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱን ስለሆነ። ማክበብ ያቃታችሁ አረፍተ ነገር ካለ፣ ማለት ሰብጀክቱ የትኛው እንደሆነ ለራሳችሁም ካልታያችሁ፣ እሱ የስምምነት ችግር አይደለም፣ አረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው፣ ለሁለት ቁረጡት።